የስሕተት ሳንቲምና የዐዋቂ ሰው ዕዳ

ገንዘብ ብረት ከመሆኑ በፊት ቃል ነው። አንዲት ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ የምትሸከመው የራሷን ክብደት ብቻ አይደለም፤ በፊቷ ላይ የተቀረጸው እውነት ስለመሆኑ መንግሥት የሰጠውን ማረጋገጫና ኅብረተሰቡ የተቀበለውን ስምምነት ጭምር ትሸከማለች። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፉ፣ በቋንቋው የገንዘብ መጠሪያ የሆነው ቃል «ሕግ» ከሚለው ቃል የተገኘ መሆኑን አመልክቶ፣ ገንዘብ በተፈጥሮ ሳይሆን በሰዎች ስምምነት የሚኖር፣ ስለዚህም ሰዎች ሊለውጡት የሚችሉት ነገር መሆኑን አስረድቷል።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ቃሉ የተሳሳተ እንደሆነ ምን ይከተላል? የማተሚያው መሣሪያ ስቶ ምስሉ ወደ ጠርዝ ሲሸሽ፣ ፊደል ሲደረብ ወይም ሲጎድል፣ ለአንዱ የተዘጋጀው ብረት ለሌላው ሲውል፣ የምትወለደው ሳንቲም በሕጉ መለኪያ ጉድለት ያለባት ናት። በሰብሳቢዎች ገበያ ግን ይህችው ጉድለተኛ ሳንቲም እንከን ከሌለባቸው እኅቶቿ በብዙ እጥፍ በልጣ ትሸጣለች። ይህ መገለባበጥ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን አንድ የቆየ የሞራል ጥያቄ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም፣ የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ጋር በሚገበያይበት ጊዜ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ጥያቄው ሥፍራ ቢሰጠው ይበልጥ ይገለጣል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ የተቆረቆረች፣ የፎገራ ሜዳ ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ ጣና ተንጣሎ ይታያል፤ ሜዳውን የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ እየሞሉ በደለል ያለብሱታል። የሜዳው ሩዝ፣ የሜዳው ስም የተሰጠው የፎገራ ከብት፣ የደጋው እህል፣ ከሁለቱ ታላላቅ ከተሞች የሚመጣው ሸቀጥ፣ ሁሉም በዚህች መገናኛ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ገበያ አሮጌ የብረት ገንዘብ አልፎ አልፎ ብቅ ቢል አያስደንቅም።

እንበልና፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጧቸውን አምስት ስድስት አሮጌ ሳንቲሞች ለአንድ ወጣት ገዢ ያሳያሉ። ገዢው ሳንቲሞቹን ሲያገላብጥ ከመካከላቸው አንዷ ብርቅ መሆኗን ወዲያው ያውቃል፤ እርሳቸው ግን አያውቁም። «እማማ፣ እነዚህን በስንት ይሰጡኛል?» ይላል። «የልጆች መጫወቻ ሆነው ቀርተዋል፤ የፈቀድኸውን ስጠኝ፣ ልጄ» ይላሉ። ገዢው የፈቀደውን ይሰጣል፤ እርሳቸውም መርቀውት ይሄዳሉ። በዚህ ግብይት ማንም አልዋሸም፤ ማንም አላስገደደም። ታዲያ የተፈጸመ በደል አለን?

ስሕተት እንዴት ይወለዳል

መልስ ከመስጠት አስቀድሞ የዕቃውን ባሕርይ መረዳት ያስፈልጋል። የብረት ገንዘብ የሚታተመው በልኩ ተቆርጦ የተዘጋጀ ጥፍጥፍ ብረት፣ ሥዕሉና ጽሑፉ በግልባጭ በተቀረጸባቸው በሁለት ማኅተሞች መካከል ገብቶ በከባድ ኃይል ሲመታ ነው። ስሕተት በሦስቱም በኩል ሊገባ ይችላል። ጥፍጥፉ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሊገኝ፣ ማኅተሙ ሲዘጋጅ ሊደረብ ወይም ከማይገባው ጓደኛው ጋር ሊጣመር፣ ምቱም ከመካከል ሊወጣ ወይም ሊደገም ይችላል።

የዓለም ታሪክ ለእያንዳንዱ ምሳሌ አለው። በ1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካ መዳብን ለጦርነት ስትቆጥብ፣ አንድ ሳንቲሟን ዚንክ በተቀባ ብረት እንድታትም ተወሰነ፤ ነገር ግን ከቀደመው ዓመት የተረፉ ጥቂት የነሐስ ጥፍጥፎች በመሣሪያው ውስጥ ቀርተው ኖሮ ታተሙ፤ እነዚያ ጥቂቶች ዛሬ ከብርቅዬዎቹ ተቆጥረዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የ20 ፔንሱ ሥዕል ሲለወጥ ዓመተ ምሕረቱ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እንዲዛወር ተደረገ፤ አሮጌው የፊት ማኅተም ከአዲሱ የጀርባ ማኅተም ጋር በስሕተት በመጣመሩ በሁለቱም ገጽ ዓመት የሌለበት ሳንቲም ወጣ። በዚያው በ2008 በቺሌ የታተመው የ50 ፔሶ ሳንቲም ደግሞ የገዛ አገሩን ስም አንድ ፊደል አሳስቶ ጻፈ። ስሕተቱ በ2009 ታወቀ፤ የማተሚያ ቤቱም ሥራ አስኪያጅ በ2010 ከሥራቸው ተሰናበቱ።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚቀርበው የ1955 እ.ኤ.አ. የፊላዴልፊያ ታሪክ ነው። አንድ የማተሚያ ማኅተም ሲዘጋጅ ጽሑፉ ዝንፍ ብሎ ስለ ተደረበ፣ ፊደሎቹና ዓመተ ምሕረቱ ጥንድ ሆነው የሚታዩ ከ20,000 በላይ ሳንቲሞች ታተሙ። የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ነገሩን ያወቁት ሳንቲሞቹ ከደኅናዎቹ ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ ነበር። ሁሉን አቅልጦ እንደገና ከማተም ይልቅ ዝም ብሎ ማውጣትን መረጡ። እዚህ ላይ ስሕተትና ዕውቀት ይለያያሉ። ማኅተሙን ያዛነፈው እጅ ሳተ እንጂ አልበደለም፤ ዐውቆ ዝም ያለው ግን ሌላ ዓይነት ተግባር ፈጽሟል። ዝምታው ማንንም ስላልጎዳ ይቅር ሊባል ይችል ይሆናል፤ ስሕተት ተብሎ ሊጠራ ግን አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ መጤን አለበት። የተሳሳተችው ሳንቲም ውድ የሆነችው ሌሎቹ ሚሊዮኖች ትክክል ስለሆኑ ነው። ሁሉም ሳንቲሞች ምስላቸው የተዛነፈ ቢሆን ኖሮ አንዲቱን የሚፈልጋት አይገኝም ነበር። ሰብሳቢው የሚከፍለው ዋጋ፣ በተዘዋዋሪ መንገድ፣ በየዕለቱ ሳይሳሳቱ የሠሩ ሠራተኞች ለደንቡ ላሳዩት ታማኝነት የተከፈለ ነው። ብርቅነት የሥርዓት ልጅ እንጂ የሁከት ልጅ አይደለም።

ይህም የዋጋን ምሥጢር በጥቂቱ ይገልጣል። ካርል ማርክስ በ1867 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ካፒታል» ውስጥ፣ አንድ ነገር ዕሴት ሳይኖረው ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ገልጾ፣ ሕሊናና ክብር እንኳ ለሽያጭ ሊቀርቡ መቻላቸውን በምሳሌነት ጠቅሷል። የስሕተት ሳንቲም ከደኅናዋ የበለጠ ላብ አልፈሰሰባትም፤ እንዲያውም ያነሰ ጥንቃቄ የተደረገባት እርሷ ናት። የዋጋዋ ልዩነት ከሥራ ያልመነጨ፣ ከሰዎች ፍላጎትና ከብርቅነቷ የተገኘ ነው። እንዲህ ያለው ዋጋ ደግሞ በተለይ በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ይኸውም በማወቅ ላይ ነው። የማያውቃት ሰው እጅ ስትገባ አላፊ ሳንቲም ናት፤ የሚያውቃት ሰው እጅ ስትገባ ሀብት ትሆናለች።

የአገሪቱ የብረት መዝገብ

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ጥንታዊና ሀብታም መዝገብ አላት። የአክሱም ነገሥታት ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ማለት ከ3ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ አትመዋል። በዒዛና ዘመን የጨረቃውና የክቡ ምልክት ለመስቀል ቦታውን ለቀቀ። በአንዳንዶቹ የነሐስ ገንዘቦች ላይ በግሪክኛ የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ይህ ነገር ሀገርን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚመኝ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ግን በወርቁ ገንዘብ ላይ የሚቀረጸው ግሪክኛ እየተበላሸ ሄደ፤ ፊደሎች ተገለበጡ፣ ቃላት ተቆረጡ፤ ቀራጮቹ የማያነቡትን ቋንቋ ከአሮጌ ናሙና እየቀዱ ይቀርጹ እንደነበር ያስረዳል። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ገንዘቦቹን በዘመን ቅደም ተከተል ሲያስቀምጡ ይህንኑ የፊደል መበላሸት እንደ አንድ ማስረጃ ይጠቀሙበታል። የቀራጩ ስሕተት የታሪክ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

በቅርቡ ዘመን በአገሪቱ ሰፍኖ የኖረው ጠገራ ብር፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ከዚህ የተለየ እንቆቅልሽ ያቀርባል። የኦስትሪያዋ ንግሥት የሞቱት በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ሁሉ ሲታተም ኖሯል። በ1935 እ.ኤ.አ. የሙሶሊኒ መንግሥት ማኅተሞቹን ከኦስትሪያ ወስዶ ለኢትዮጵያ ወረራ የሚሆነውን ብር ሮም ላይ አሳተመ፤ በተከታዩ ዓመት ለንደንም ማተም ጀመረች። የብሩ ንጥረ ነገር እውነተኛ፣ ዓመቱ ሐሰት ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ስለሚያውቀው ማንንም አላታለለም። ሁሉ የሚያውቀው ሐሰት ልማድ ይሆናል፤ አንዱ ብቻ የሚያውቀው እውነት ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ስም በታተመው ብር ላይ አንበሳው በአንዳንዱ የግራ፣ በሌላው የቀኝ የፊት እግሩን አንሥቶ ይታያል። ይህ የቀራጭ ልዩነት እንጂ ስሕተት አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞችም ከአንድ በላይ በሆኑ ማተሚያ ቤቶች ስለ ታተሙ በአንበሳው ጢም አቀራረጽ ይለያያሉ፤ አብዛኛው ሰው በኪሱ ይዞት ሲዞር ያላየውን ይህን ልዩነት ሰብሳቢዎች በአጉሊ መነጽር ይለዩታል።

በእማማ ነጠላ ጫፍ የተገኘችው ብርቅ ሳንቲም ግን ሌላ ታሪክ አላት። በ1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት ያንኑ ዓመት እንደ ያዙ ሲታተሙ ቆይተዋል። ከእነርሱ መካከል የመዳቡ 25 ሳንቲም መጀመሪያ የወጣው ድፍን ክብ ሆኖ ነበር። መጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር በመቀራረቡ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጎ፣ ጠርዙ ሞገድ መሰል በሆነው ተተካ። ክቡ 25 ሳንቲም የመሣሪያ ስሕተት አይደለም፤ የውሳኔ ስሕተት ነው። ተከታዩ ሞገደኛ ጠርዝ ደግሞ የእርማቱ ምልክት ነው። ዐይን የሌለው ሰው እንኳ በጣቱ ዳስሶ እንዲለየው ሆኖ የተሠራ እርማት በመሆኑ፣ መንግሥት ስሕተቱን በአደባባይ ያረመበት መልካም ምሳሌ ነው። ከእርማቱ ያመለጡት ጥቂት ክብ ሳንቲሞች ግን እነሆ ብርቅ ሆነው ቀሩ።

ሁሉም ያነብ የነበረበት ገበያ

የገጠሩ ሰው ስለ ብረት ገንዘብ ሁልጊዜ አላዋቂ እንደነበረ አድርጎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በጎንደርና በአካባቢው የተዘዋወሩ የውጭ አገር ተጓዦች እንደ መሰከሩት፣ የገበያው ሰው ጠገራ ብርን ሳይመረምር አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ የትከሻዋ ጌጥ ይታያል፤ ከፊደሎቹ አንዱ የደበዘዘ እንደሆነ ብሩ ይመለሳል። ከወረታ በስተ ሰሜን፣ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው በይፋግ ገበያ፣ አሞሌ ጨውና ጠገራ ጎን ለጎን በሚመነዘሩበት ዘመን፣ ገንዘብ ማንበብ የነጋዴውም የገበሬውም የጋራ ዕውቀት ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ በላቲን የተጻፈውን ብር በዐይኑና በጣቱ «ያነብ» ነበር።

በዚያ ገበያ ሁለቱም ወገን የሚያውቅ በመሆኑ፣ ጥርጣሬ ቢኖርም እኩልነት ነበረ። የዛሬው ሰብሳቢ የሚያነበው መዝገብ ግን ሌላ ነው። የትኛው ዓመት፣ የትኛው ጠርዝ፣ የትኛው ጢም ብርቅ እንደሆነ የሚናገረው በውጭ አገር የታተመ፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ካታሎግ ነው። የሳንቲሙ ባለቤት ፎገራ ላይ፣ የሳንቲሙ ዕውቀት ሌላ ዘንድ ሆነ። የሞራሉ ጥያቄ ሙሉ ክብደቱን የሚያገኘው ይህ ክፍተት ከተፈጠረ በኋላ ነው።

የገዢው ክርክርና መልሱ

ገዢውን ያለ ክርክር መኰነን ፍትሐዊ አይሆንም። ክርክሩም ደካማ አይደለም። አንደኛ፣ ዕውቀቴ የድካሜ ፍሬ ነው፤ ሳንቲሟን የለየሁት ዓመታት አጥንቼ ነው፤ ድካሜ ዋጋ ይገባዋል ይላል። ሁለተኛ፣ እኔ ባልገዛት ኖሮ ሳንቲሟ በልጆች እጅ ትጠፋ፣ ወይም አንጥረኛ ያቀልጣት ነበር፤ ስንት ጠገራ ብር ቀልጦ መስቀልና ጌጥ እንደሆነ ይታወቃል ይላል። ሦስተኛ፣ እናትየዋ የጠየቁት ዋጋ ተከፍሏቸዋል፤ ተስማምተዋል፤ መርቀዋል ይላል። በመጨረሻም፣ ገዢ ሁሉ የሚያውቀውን እየተናገረ እንዲገዛ ከተገደደ፣ ማንም ለማወቅ አይደክምም፤ ያን ጊዜ ብርቁም ተራውም አብሮ ይጠፋል ይላል።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት የሮማው ጸሐፊ ሲሴሮ ስለ ሰው ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ፣ አንድ ሰው ወርቅ ይዞ ናስ የያዘ መስሎት ቢሸጥ፣ ደግ ሰው የሆነ ገዢ ወርቅ መሆኑን ይነግረዋልን ወይስ የሺህ ዲናሩን ዕቃ በአንድ ዲናር ይገዛዋል? ብሎ ጠይቋል። የሲሴሮ ዝንባሌ ግልጽ ነው፤ በሌላው አለማወቅ መበልጸግ ከደግ ሰው አይጠበቅም። ይሁንና የሲሴሮ ፍርድ ብቻውን ለገዢው ክርክር መልስ አይሆንም፤ ነጥብ በነጥብ መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ድካም ዋጋ ይገባዋል የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን የገዢው ትርፍ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ገዢው ለእናትየዋ «እማማ፣ ይህች ሳንቲም ብርቅ ናት» ብሎ ቢነግራቸው ምን ይጎድልበታል? ዕውቀቱ አይጎድልም፤ እንደ ነበረ ነው። ሳንቲሟም አትለወጥም። የሚጎድለው ከትርፉ የተወሰነው ክፍል ብቻ ነው። እንግዲያው ያ ክፍል የዕውቀቱ ዋጋ አልነበረም ማለት ነው፤ የእርሳቸው አለማወቅ ዋጋ ነበር። ማወቅ ድካም ነው፤ ዝም ማለት ግን ድካም አይደለም። ለድካም ደመወዝ ይከፈላል፤ ለዝምታ የሚከፈል ደመወዝ ሌላ ስም አለው።

ሁለተኛው፣ ማለት ሳንቲሟን ከጥፋት አዳንኋት የሚለው፣ የመግዛቱን ደግነት ያስረዳል እንጂ የዝምታውን ደግነት አያስረዳም። ተናግሮም መግዛት ይቻላልና።

ሦስተኛው በስምምነት ላይ የቆመ ነው። ሰው የሚስማማው በሚያውቀው ነገር ላይ ነው። እናትየዋ የተስማሙት አሮጌ ሳንቲሞችን ለመሸጥ ነው፤ ብርቋን ሳንቲም ለመሸጥ አልተስማሙም፤ መኖሯንም አያውቁም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1710 ላይ ይህን ሚዛን በጥንቃቄ አስቀምጦታል። ውሉ አንዱን ወገን ይበልጥ ስለ ጠቀመ ብቻ ፈራሽ አይሆንም፤ ነገር ግን ፈቃዱ የተገኘው የአንዱን ወገን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ እንደሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ ይችላል። ሕጉ ትርፍን አልከለከለም፤ የከለከለው የሰውን ድካም ማትረፊያ ማድረግን ነው። ሕግ የሚደርሰው ክስ ሲቀርብ ብቻ ሲሆን፣ ሕሊና ግን ሻጯ መንገድ ከመጀመራቸው በፊት ሊደርስ ይችላል።

የመጨረሻው ክርክር ከሁሉ ይከብዳል። ዐዋቂው ምንም ካላተረፈ ማን ያውቃል? ለዚህ መልሱ የትርፍ መከልከል ሳይሆን የትርፍ መጋራት ነው። ይህም ከመጽሐፍ የሚፈለግ አይደለም፤ በፎገራ ሜዳ በየዕርሻው የሚታይ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱም በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው የሁለቱም ማሳ በተራ ይታረሳል። ላም ያለው ሰው ለርቢ ሰጥቶ፣ አርቢው በጉልበቱ፣ ባለቤቱ በንብረቱ ጥጃውን ይካፈላሉ። አንዱ ዕቃ አለው፣ ሌላው ጉልበት አለው፤ ማንም ሌላውን አላታለለም፤ ሁለቱም ተጠቅመዋል። እናትየዋ ሳንቲም አላቸው፣ ገዢው ዕውቀት አለው። ሳንቲሟ ያለ ዕውቀቱ አንድ ቀንድ ብቻ ናት፤ ዕውቀቱም ያለ ሳንቲሟ እንዲሁ። መቀናጆ ሊገቡ ሲችሉ አንዱ የሌላውን በሬ በሌሊት መንዳት ለምን አስፈለገው?

እዚህ ላይ የክርክሩ ተቃራኒ ገጽም መታየት አለበት። ዕዳው የገዢ ብቻ አይደለም፤ ዐዋቂው ሻጭ ሲሆንም ይኸው ዕዳ ይከተለዋል። ደኅና ሳንቲምን በሞረድ ፈጭቶ፣ ሁለቱን አጣብቆ በማጥበቂያ ጨምቆ የስሕተት ሳንቲም የሚያስመስል ሻጭ በየአገሩ አለ። በእርሱ እጅ ያለው ሳንቲም ስሕተት አይደለም፤ ሐሰት ነው። የስሕተት ሳንቲም ሞገስ ያላት ማንም ስላላሰባት ነው፤ ታስባ የተሠራች «ስሕተት» ግን ንጽሕናዋን ያጣች ናት።

ከመሬት ስለሚወጡ ጥንታዊ ገንዘቦችም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። ገበሬ ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቆፈር የአክሱምን ዘመን የመሰለ ቅርስ ቢገኝ፣ ጉዳዩ በገዢና በሻጭ መካከል ብቻ የሚያልቅ አይደለም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ድንገት የተገኘ ቅርስ ሳይነካ ተጠብቆ ለባለሥልጣኑ እንዲታወቅ ያዛል። የተገኘበት ማሳ፣ የነበረበት ጥልቀት፣ አብሮት የነበረው ገል ሳይታወቅ በኪስ ገብቶ የሄደ ገንዘብ ዋጋው ቢቀርም ታሪኩ ጠፍቷል። በዚህ ጊዜ ዝምታው የሚጎዳው አንዲት እናትን ሳይሆን ያልተወለዱትን ጭምር ነው።

ከሳንቲም ባሻገር

ፎገራ ስለ ዕውቀት ሌላም ትምህርት አላት። ሩዝ በሜዳው ላይ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ መጀመሪያ በጅግናና በሻጋ አካባቢ ታይቶ ነበር። ውኃ የተኛበት፣ ሌላ እህል የማይችለው መሬት ሩዝ እንደሚችል የተረዱት ጥቂቶች ዕውቀቱን ለራሳቸው ይዘውት ቢቀሩ፣ ሜዳው ዛሬ የሚታወቅበትን ሰብል አያገኝም ነበር። ዘሩም አሠራሩም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተላለፈ፤ በሥፍራው ስም የተጠራው ዝርያ ከማሳ ማሳ ተዳረሰ። የሩዝ ዕውቀት ሲካፈሉት አልጎደለም፤ በዛ እንጂ።

የሳንቲም ዕውቀት ግን በዚህ ይለያል መባሉ ተገቢ ነው። ለጎረቤት የተነገረ የሩዝ ዕውቀት የተናጋሪውን ምርት አይቀንስም፤ ለሻጭ የተነገረ የብርቅነት ዕውቀት ግን የገዢውን ትርፍ ይቀንሳል። የሞራል ሚዛን የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ሳይጎዳ የሚናገር ሰው ገና አልተፈተነም፤ የተፈተነው መናገሩ የሚያስከፍለው ሰው ነው።

በመሆኑም የክቡ 25 ሳንቲም ጥያቄ በሰብሳቢዎች ገበያ ተወስኖ አይቀርም። ደንብና መመሪያ የሚያውቅ ሹም ደንብ በማያውቅ ባለጉዳይ ፊት ሲቀመጥ፣ ሐኪም በታማሚ ፊት፣ ሊቅ በተማሪ ፊት፣ ነጋዴ በገበሬ ፊት ሲቆም፣ ሁሉም ያችን ሳንቲም በእጃቸው ይዘዋል። ባለጉዳዩ ሊጠይቀው የሚገባውን መብት ካላወቀው አይጠይቀውም። ሹሙም «አልጠየቀኝም» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ዋሽቷል አይባልም፤ ሕግም አልጣሰ ይሆናል። ነገር ግን ከዝምታው የተረፈው ሁሉ የባለጉዳዩ ንብረት ነው። ባለሥልጣንነት ማለት ብዙውን ጊዜ ሌላው የማያውቀውን ማወቅ ነው፤ የሥልጣን ንጽሕና የሚለካውም ያ ዕውቀት ለማን እንደ ተነገረ በመመልከት ነው።

ለመምህራን ደግሞ ጉዳዩ ሥራ ሆኖ ይቀርባል። በወረታም ሆነ በሌላ ከተማ የሚገኝ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች በየቤታቸው የሚገኙትን አሮጌ ሳንቲሞች አምጥተው፣ ሳይሸጡ፣ ስማቸውን፣ ዓመታቸውንና ታሪካቸውን እንዲመዘግቡ ቢያደርግ፣ ጠገራን ይቆጥሩ የነበሩት አያቶች የነበራቸው የማንበብ ችሎታ ለልጆች ይመለሳል። ብርቁን ከተራው የለየ ልጅ የአያቱን ሀብት ጠባቂ ይሆናል። የሞራሉ ችግር የሚቃለለው ገዢውን በመገሠጽ ብቻ አይደለም፤ ሻጩን በማሳወቅ ጭምር ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ፈተናውም ይቀልላል፤ ደግነት የጥቂት ጀግኖች ሸክም ከመሆን ወጥቶ የገበያ ልማድ ይሆናል።

የኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ ከስሕተት ሳንቲም ሌላ ነገር ሊቀስም ይችላል። ድንገተኛው መስመር፣ ያልታሰበው ቀለም አንዳንድ ጊዜ ከታሰበው ይበልጥ ይማርካል። ይሁን እንጂ ድንገተኛው የሚያምረው ከጎኑ የቆመ የተካነ እጅ ሲኖር ነው፤ ሥርዓትን ያልተማረ እጅ ስሕተቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የአክሱም የኋለኞቹ ቀራጮች የሳቱት ለመሳት ብለው አልነበረም፤ የአባቶቻቸውን ፊደል ለመጠበቅ ሲታገሉ ነው። ስሕተታቸው እስካሁን የሚያናግረው በውስጡ ያ ትግል ስላለ ነው።

እንግዲህ የስሕተት ሳንቲም ስብስብ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የሰው እጅ ምልክት፣ የዘመን ማስረጃ፣ የትዕግሥት ትምህርት ነው። ነውሩ ከመሰብሰብ የሚመጣ ሳይሆን ዐውቆ ዝም በማለት መክበር ነው። ሳንቲሟን ያሳሳተው መሣሪያ ነፍስ የለውም፤ አይጠየቅም። ያወቃት ሰው ግን ነፍስ አለው፤ ስለዚህ ይጠየቃል። «እማማ፣ ይህችን አልሽጧት፤ ወይም ከሸጧት ዋጋዋን ዐውቀው ይሽጡልኝ» የምትለው አጭር ቃል ገዢውን ጥቂት ብር ታስከፍለዋለች። በምትኩ ግን ከእጁ ወደ እጃቸው፣ ከእጃቸውም ወደ ጎረቤታቸው የሚተላለፍ ሌላ ገንዘብ ታትማለች፤ እርሱም መተማመን ነው። ገንዘብ ሁሉ በስተመጨረሻ የቆመው በዚህ ነው፤ ይህ የጎደለበት አገር ብሩ ምንም ያህል ቢነጥር፣ ማኅተሙም ምንም ያህል ቢጠራ፣ ሳንቲሙን ሁሉ በጥርሱ እየነከሰ ሊኖር ይገደዳል።